ሰማያዊ የጎደለው አልማዝ

ዛሬ አባቴ አዲስ አበባ ካሉ አራት ሰዎች ጋር በቪዲዮ ኮል ስለ ኖኅ ተከራከሩልኝ።

ተሸነፍን።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እንዲህ ተብሎ ሲነገር የሚገባው ሰው የለም። እኔም በቦታው ነበርኩ፣ አልገባኝም።

አዲስ ለገባችሁ ፎሎወሮቼ፦ ትዕግሥት እባላለሁ፣ ያለሁት መካነ ሰላም ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ግን ዝም ብዬ አይደለም። በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ስሪዲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ባለ ሦስት ገጽታ ምስል መሥራት፣ ተማርኩ። አሁን የሌሉ ድንጋዮችን እሠራለሁ።

የከበሩ ድንጋዮች ማለቴ ነው። አልማዝ፣ ሩቢ፣ ሰንፔር። አንዱንም በእጄ ነክቼ አላውቅም። ኮምፒውተር ውስጥ ቅርጻቸውን ትሠራላችሁ፣ መብራት ትሰጧቸዋላችሁ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷ ጨረር ድንጋዩ ውስጥ ገብታ ከየት ከየት ጋር ተጋጭታ በየት በኩል እንደምትወጣ ያሰላል። ይህ ማስላት ሬንደር ይባላል። ሰዓታት ይፈጃል። እናቴ "ድንጋይሽ በሰለ?" ብላ ነው የምትጠይቀኝ።

አሁን ጉዳዩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ አንድ የጌጣጌጥ ቤት አለ። ቀለበቱን ከመሥራታቸው በፊት ምስሉን ለደንበኛ ያሳያሉ። ያንን ምስል ከቤቴ ሆኜ የምሠራላቸው ከሆነ ብለው ፈተና ሰጡኝ። አንድ ምስል፣ አንድ ነጭ አልማዝ። ካለፍኩ ቋሚ ሥራ አለኝ፣ ከመኝታ ቤቴ ሳልወጣ።

ካላለፍኩ ደሴ።

ደሴ ጥሩ ከተማ ናት፣ እንዳትሰድቡኝ። ችግሩ የምሄደው አክስቴ የሺ ሱቅ ገብቼ የስልክ ከቨር ልሸጥ መሆኑ ነው። የሺ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፣ ደግ ሴት ናት። "ልጅቱ ቤት ተቀምጣ ዓይኗ ሊጠፋ ነው፣ ወደ እኔ ትምጣ" ማለት ከጀመረች ቆየች። አባቴም በመጨረሻ እሺ ብለዋታል። ፈተናውን ካላለፍኩ ሰኞ በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ ኮምፒውተሩም ይሸጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ከአሁኑ መጥቶ አይቶታል። ማውሱን ሳይቀር ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሞክሯል።

ያ ልጅ ማውሴን ሲነካው የተሰማኝን አልነግራችሁም።

እሺ፣ እነግራችኋለሁ። ማልቀስ አማረኝ።

አሁን ትንሽ ፊዚክስ። አትሽሹ፣ አጭር ነው።

ነጭ ብርሃን አልማዝ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ቀለም የሚታጠፈው በራሱ ልክ ነው። ቀይ ትንሽ ይታጠፋል፣ ሐምራዊ ብዙ። ስለዚህ አብረው የገቡት ተለያይተው ይወጣሉ። አልማዝ ሲዞር ብልጭ ብልጭ የሚለው ቀለም ይኸው ነው። የሙያው ሰዎች "እሳት" ይሉታል። እሳት የሌለው አልማዝ ሥዕል ላይ ሲያዩት የጠርሙስ ስባሪ ነው።

ይህን በትክክል ለማውጣት ኮምፒውተሩ ብዙ ቀለሞችን ለየብቻ ማስላት አለበት። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ዕድሜ አለው። አክብረን ነው የምንይዘው።

ስለዚህ አቋራጭ አለ። ሦስት ቀለም ብቻ ትመርጣላችሁ፣ ለየብቻ በተለያየ ልክ እንዲታጠፉ ታደርጋላችሁ፣ በመጨረሻ አንዱን በሌላው ላይ ትደርባላችሁ። ዓይን ይታለላል። እኔ ያየሁት ቪዲዮ ላይ ሰውየው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መረጠ።

እዚህ ላይ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። ማሰብ አልነበረብኝም።

ሰማያዊ ከየት መጣ አልኩ በልቤ።

አያችሁ፣ እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። የሰበካችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ኖኅ ከመርከቡ ወጥቶ ቆሟል። ከራሱ በላይ ቀስተ ደመና ተዘርግቷል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሦስት። በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት እሱን ነው። ትምህርት ቤት ሰባት ነው ብለው አስተምረውኛል። ፈተና ላይ ሰባት ብዬ ጽፌ ልክ ተብያለሁ። ሰባቱ ግን የፈተና ነው፣ ሦስቱ የእኔ ነው።

እናም የብርሃንን ሦስት ቀለም ምረጪ ስባል እጄ እኔን ሳያማክር መረጠ። ሰውየው ሰማያዊ የሚወድ ሰው መሰለኝ፤ የግል ምርጫው ነው ብዬ አለፍኩት።

ግድ የለሽ እንዳትሉኝ፣ አጣርቻለሁ። አባቴ ዳዊታቸውን ሲደግሙ ጠብቄ ጠየቅኳቸው።

"አባ፣ የቀስተ ደመና ቀለሙ ስንት ነው?"

"ሦስት" አሉ። ቀና እንኳ አላሉም።

ሪሰርች ተጠናቀቀ።

ቀጥሎ የመብራት ነገር አለ። ቤታችን ከጋሽ ሰይድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ይደክምና ኮምፒውተሬ ይጠፋል። ሬንደሩ ከዜሮ ይጀምራል። ወፍጮው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይነሳል። ጋሽ ሰይድ ሙስሊም ስለሆኑ ሚካኤል ነው፣ ማርያም ነው ብሎ የሚዘጋ ወፍጮ አይደለም። ቀን የሚያርፈው አርብ ጁምዓ ሲሄዱ ብቻ ነው፤ ማታ ደግሞ መብራቱ ራሱ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው።

የቄስ ልጅ ሆኜ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ጁምዓን እንደ እኔ የሚናፍቅ ሰው የለም።

ባለፈው አርብ ጋሽ ሰይድ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ሲወጡ ሬንደሩን አስነሳሁ። ሰግደው ሲመለሱ ገና ነበር። ሮጬ ወጣሁ። በሩ ላይ እህል ይዘው ከገጠር የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል፣ አህዮቻቸው አጥሩ ሥር ታስረዋል።

"ጋሽ ሰይድ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ። ድንጋዬ አላለቀም።"

"ያው ድንጋይ ነው?"

"ያው ነው። ካለፈ ሥራ አገኛለሁ፣ ካላለፈ ደሴ መሄዴ ነው።"

ጋሽ ሰይድ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱት። "አብሽሪ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረው፣ "የቄሱ ልጅ ድንጋይ እየፈጨች ነው፤ እሷ ትጨርስ" አሉ።

ሰልፉ ጆንያ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። አንዲት እናት ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"አልማዝ ነው።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ" አልኳቸው። እንዳልኳችሁ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ግን ወሎ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያን አልማዝ ስንት ቤት ዱቄት እንደጠበቀው እንድታውቁልኝ ነው። ለራሴ ብቻ ብወድቅ እኮ ቀላል ነበር።

ምስሉ ወጣ። ወደድኩት። እሳቱ ከየጠርዙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያለ ይፈነጥቃል። ድንጋዩ ራሱ ግን ነጭ መሆን ሲገባው ትንሽ ሞቅ ያለ ነበር። ጠርጥሬ ለእናቴ አሳየኋት።

"እማ፣ ነጭ ነው አይደል?"

እናቴ የወረኢሉ ሰው ናት፣ ሰው ቅር እንዲለው አትፈልግም። ቀረብ ብላ አየችው፣ ራቅ ብላ አየችው።

"የተነጠረ ቅቤ መስሎ፣ እንዴት ያምራል" አለችኝ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የሰማሁት "ያምራል" የሚለውን ነው። ላክሁት።

እንግዲህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ኮሉ ደረሰ።

ስልኬን መስኮቱ ላይ አቆምኩ፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከወገብ በላይ ለሥራ፣ ከወገብ በታች ለቤት ለብሻለሁ። ልጀምር ስል አባቴ ገቡ።

"እኔ ዳር ቁጭ እላለሁ። አልናገርም" አሉ።

ልጃቸው የምትፈተንበትን ሰዓት ማየት ፈልገው ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ካሜራው አያገኛቸውም። አልናገርም ብለዋል። እኔም አምኛለሁ።

ስክሪኑ ላይ አራት ሰዎች መጡ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሰናይት፣ የስሪዲው ኃላፊ ቢንያም፣ እና ስማቸውን ያልነገሩኝ ሁለት ዝምተኞች። ሰላምታ ተሰጣጠን። ቢንያም አልማዜን ሼር አደረገው፣ ስክሪኑን ሞላው።

ዝም አሉ። ጥሩ ዝምታ መሰለኝ።

"ትዕግሥት" አለ ቢንያም። ድምፁ ጨዋ ነው። "ይሄ አልማዝ የወፍ በሽታ ይዞታል እንዴ?"

ከዝምተኞቹ አንዱ ራሱን ሚውት አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ይታየኛል።

"ሞቅ ያለ መብራት ተጠቅሜ ነው" አልኩ። ውሸት ነው።

"መብራቱ አይመስለኝም። ሦስቱን ቀለም ምን ምን አድርገሽ ነው የሞላሽው?"

"አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።"

"ሰማያዊስ?"

"የለም።"

"እንዴት የለም?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ተሳስቼ ነው ትላላችሁ። ይቅርታ ትጠይቃላችሁ፣ አስተካክዬ ልላክ ትላላችሁ፣ ያልፋል። እኔ ግን አፌን ከፍቼ፣ በሙሉ ልብ፣ "ቀስተ ደመና ላይ ስለሌለ" አልኩ።

ዝምታው ረዘመ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ነበር። አልተቋረጠም። የመካነ ሰላም ኔትወርክ እንደ ዛሬ ጥርት ብሎ አያውቅም።

"ሰማያዊ ካልገባ ነጭ አይመጣም እኮ" አለ ቢንያም ቀስ ብሎ። "ነጭ ማለት ሁሉም ቀለም ሲደመር ነው። ሰማያዊን ስታወጪው የሚቀርሽ ቢጫ ነው፣ ድንጋዩ የገረጣው ለዚህ ነው። ደግሞ ቀስተ ደመና ላይ ሰማያዊ አለ። ይሄንን ማንም ያውቃል።"

"ማንም?" የሚል ድምፅ ከአልጋው ጫፍ መጣ።

አባቴ ተነሱ።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ጥምጥሙ ገባ፣ ቀጥሎ ጢሙ፣ ቀጥሎ መስቀሉ። እኔ ወደ ጥግ ተገፋሁ። በራሴ ፈተና ላይ ግማሽ ጆሮዬ ብቻ ነው የሚታየው።

ወይዘሮ ሰናይት ከወንበሯ ብድግ አለች። "ውይ አባ፣ ይባርኩኝ" አለች። ነጠላ ብትፈልግ የለም፣ የአንገት ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አደረገች። አባቴ መስቀላቸውን ወደ ስልኬ ካሜራ ዘረጉ። ሴትየዋ አዲስ አበባ ላይ ላፕቶፗን ተሳለመች። ስክሪኔ ለትንሽ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ግንባር ሆነ። ሁለቱ ዝምተኞች ተከተሉ። ቢንያም ወዲያ ወዲህ አየና እሱም ጎንበስ አለ።

ስብሰባው ላይ ያልተባረክሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?" አሉ አባቴ።

"እኔ... የግርማ ልጅ ነኝ፣ አባ።"

"አገርህ ወዴት ነው?"

"እዚሁ አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት። አያቴ ግን የኩታበር ሰው ናቸው።"

"እንግዲያው የእኛው የወሎ ልጅ ነህ። ስማኝ ልጄ። እግዚአብሔር ለኖኅ ቃል ኪዳን ሲገባለት ቀስቱን በደመና ላይ አኖረለት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ልጄ ከራሷ አላመጣችውም፤ እኔን ጠይቃ ነው የሠራችው።"

አያችሁልኝ? ፈተናውን ሲሰጡኝ ሠርተፊኬት አለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ያልመለስኩትን አባቴ መለሱልኝ። ሥልጠናዬ ከእሳቸው ነው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ" አለ ቢንያም፣ "ሰማያዊም አለበት። ሐምራዊም አለበት።"

"አይተኸዋል?"

"ፊዚክስ ላይ..."

"ፊዚክሱን ለጊዜው ተወው። ቀስተ ደመና ተዘርግቶ፣ ደጅ ወጥተህ፣ በጣትህ ቆጥረኸው ታውቃለህ?"

ቢንያም አሰበ። ሐቀኛ ልጅ ነው፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። "ቆጥሬው አላውቅም፣ አባ" አለ።

አሸንፈን ነበር። በእውነት፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሸንፈን ነበር። ወይዘሮ ሰናይት ራሷ ፈገግ ብላለች። አባቴ እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ ምናልባት በሳቅ ያልፍልኝ ነበር፣ አስተካክለሽ ላኪ እባል ነበር።

አባቴ ግን ጎደሎ እውነት ይዘው መቀመጥ አይችሉም።

"እኔም ቆጥሬው አላውቅም" አሉ። "እኔ የማውቀው ሥዕሉን ነው።"

የተናገሩትን ራሳቸውም ከእኛ ጋር የሰሙት መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አልጋው ጫፍ ተመለሱና መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ወይዘሮ ሰናይት ጉሮሮዋን ጠረገች። "ትዕግሥት፣ እጅሽ ጥሩ ነው፣ ቅርጹም ንጹሕ ነው። ግን ነጭ አልማዝ ላዘዘ ሰው ይሄን ብንልክ ስማችን ይጠፋል። ለአሁኑ ሌላ ሰው እንወስዳለን" አለችኝ። ቀጥላ "አባ፣ በጸሎትዎ ያስቡን" ብላ ዘጋች።

አለቀ።

ተናደድኩ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ በአባቴ ተናደድኩ። "አልናገርም ብለው ነበር እኮ" አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ለማልቀስ ወጣሁ። የእኛ ቤት ችግር ደግሞ ለማልቀስ የሚሆን ቦታ የለውም። በሩን ስትከፍቱት የወፍጮ ሰልፍ ነው።

እኚያ የአርቧ እናት ዛሬም መጥተዋል። "ድንጋይሽ አለፈ?" አሉኝ ገና ሲያዩኝ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ።

"ወደቀ።"

"ምን ጎደለው?"

"ሰማያዊ።"

እህህ አሉ ሁሉም ባንድ ላይ። ከኋላ አንዷ "ሰማያዊ ክር እኔ ዘንድ ሞልቷል፣ ላምጣልሽ?" አለች። ከልቧ ነው።

እዚያው እንደቆምኩ አባቴ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዘው ከቤት ወጡ።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። አባቴ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጡ፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ፣ ውሃውን ወደ አየር ወረወሩት።

ውሃው ወርዶ አንዲት አህያ ላይ አረፈ።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። "ቄሱ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ልቆጥር ነው" አሉ። "ጠዋት ጠበል ስረጭ አንዳንዴ በውሃው ውስጥ ቀለም ብልጭ ይላል። በጠበል ግን አይሞከርም። ሌላ ውሃ አምጪልኝ።"

ሁለተኛውንም ወረወሩ። ተራ ውሃ ሆኖ ወደቀ። ሴቶቹ ቄሱ ምን እንደነካቸው እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ። እኔ መሬቷ ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል። ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ከደረሳችሁ፣ አዎ፣ እኛው ነን።

እናቴ ትንሽ አየቻቸውና ጆጉን ተቀበለቻቸው። እናቴ የአባቴን ነጭ ልብስ በከሰል ካውያ ስትተኩስ ውሃ በአፏ ጎርሳ እንደ ጉም አድርጋ ነው የምትረጨው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚያህላት የለም። ጎረሰች። ጉንጮቿ ተነፉ። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ እፍፍ አለችው።

ወጣ!

ትንሽ ቀስት። ክንድ የምታህል፣ በአየር ላይ፣ ከዓይን ጥቅሻ ለማይበልጥ ጊዜ።

"ድገሚው" አሉ አባቴ። ከመሬት ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ወደ ፊት ቀሰሩ።

ወፍጮው ቀጥ አለ። ጋሽ ሰይድ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ሆነው ወጡ። "ምን ጠፋብዎ፣ ቄሱ?"

"ሰማያዊ።"

ጋሽ ሰይድ ለምን ብለው አልጠየቁም። አጠገባቸው መጥተው እሳቸውም ቁጢጥ አሉ።

እናቴ እፍ ትላለች፣ ሁለቱ ይቆጥራሉ። ጋሽ ሰይድ አራት ነው አሉ። አባቴ ቢጫውን ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል ብለው ተከራከሩ። ከሰልፉ አንዷ አምስት አየሁ አለች፣ ሌላዋ የምታየው የእናቴን ምራቅ ብቻ እንደሆነ ተናገረች። የእናቴ ጉንጭ ሲደክም እኚያ የአርቧ እናት ተተኩ፤ ቀጥሎ ክር ላምጣልሽ ያለችኝ። መንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያያል። የሰፈሩ ሴት ተራ በተራ ውሃ ይተፋል፣ አንድ ቄስና አንድ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰው አየር ላይ ጣታቸውን ይቀስራሉ።

አንድ ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እኔ ነኝ።

ከዚያ አባቴ ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

"አንድ ጊዜ ድገሙልኝ" አሉ ቀስ ብለው። ተደገመላቸው። ጣታቸው አየር ላይ ከላይ ወደ ታች ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"አለ" አሉ። "ከአረንጓዴው ሥር አለ።"



"ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ እኮ" አሉ። "ሰማዩ ነው እያልኩ አልቆጠርኩትም።"

ጋሽ ሰይድ ትከሻቸውን ያዟቸው። "አብሽሩ፣ ቄሱ" አሏቸው። "እኔም ሰማዩ ነበር የሚመስለኝ።"

ከሰልፉ አንዷ፣ ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ምን ሊሆን ነው ብላ ጠየቀች። አባቴ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። "ኪዳኑ ያው ነው፣ አልጎደለም" አሏት። "የጎደለው የእኔ ቆጠራ ነው።"

ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ሥራውን ሳጣ ያልወጣ ዕንባ እዚያው ሰው መሀል ወጣ። አባቴ በዚህ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጨቃጨቅ የሚጠየቁ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አህያው ሁሉ እየሰማ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አሉ። እኔ ለአንድ ቢንያም ማለት አቅቶኝ መብራቱ ነው ብያለሁ። አፈርኩ። ደግሞም ወደድኳቸው፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲመጣ ምን እንደሚባል አላውቅም።

"ስልክሽን አምጪ" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "አባ፣ በእመቤቴ፣ ሴትየዋ ጋ እንዳይደውሉ።"

"የሺ ጋ ነው።"

ደወልኩላቸው። አባቴ ስልክ ሲያወሩ ደሴ ድረስ በድምፃቸው መድረስ ያለባቸው ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ሰልፉም ሰምቷል።

"የሺ፣ ልጅቱ ሰኞ አትመጣም... አይ፣ ሥራውን አላገኘችም... አላለፈችም አልኩሽ እኮ... አይደለም፣ እሷ አላጠፋችም። ጠየቀችኝ፣ ጎዶሎ ነገር ሰጠኋት። እኔ የሰጠኋትን ይዛ ወድቃ ከቤቴ አልሰዳትም። ሰማያዊውን እስክታወጣው ድረስ እዚሁ ትቀመጣለች።"

ከወዲያኛው ጫፍ "የምን ሰማያዊ?" የሚል የአክስቴ ድምፅ ተሰማ።

"ረጅም ነው" አሉ አባቴ፣ ዘጉትም።

ይኸው አሁን ይህን እየጻፍኩ ነው። ወፍጮው ለዛሬ ሥራውን ጨርሷል፣ ሬንደሩ ተነሥቷል። አቋራጩን ጥዬ ቀለሞቹን ሁሉ ለየብቻ አስገብቻለሁ። ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ነው። ሥራ የለኝም፣ ክላይንት የለኝም፣ ፖርትፎሊዮዬ ላይ ያለው አንድ የታመመ አልማዝ ነው።

አባቴ ግን አጠገቤ አሉ። ወንበር ስበው ከኋላዬ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው ከላይ ወደ ታች ይቆጥራሉ፣ አንድ ይጎድልባቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ። "ሐምራዊው ቀጥኗል" አሉኝ አሁን። ቀጥኗል፣ እውነት ነው። እንደገና ከዜሮ ልጀምር ነው።

ወይዘሮ ሰናይት እንኳ ስትጥለኝ እጅሽ ጥሩ ነው ብላኝ ነበር። እኚህ እስካሁን እንደዚያም አላሉኝም።

ከሥራ የቀረሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አለቃ ነው የተቀየረልኝ። ለመሆኑ ከመካከላችሁ ደሞዝ የማይከፍል፣ ሚውት የማይደረግ፣ ቁርስም አብሮ የሚበላ አለቃ ያለው ሰው አለ? እንዴት ነው የምትችሉት?